የሳስ ተለዋዋጭ በስልክ ስክሪን ላይ አልቀየር አለኝ
ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሸጥ ዘመዴ ድረ ገጽ እየሠራሁ ሲሆን፣ የሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ፋይሉ ረዝሞ ማስተካከል ሲያቅተኝ ወደ ሳስ (Sass፣ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ወደ ሲኤስኤስ የሚቀየር ቋንቋ) ቀየርሁት። ቀለሞቹንና የስክሪን ስፋት ወሰኖቹን አንድ ቦታ ማስቀመጡ በእርግጥ ገላግሎኛል፤ የተቸገርሁት በካርዶቹ (ዕቃዎቹ በሚታዩባቸው ሳጥኖች) ክፍተት ነው። ከላይ ክፍተቱን በሳስ ተለዋዋጭ (ዋጋን በስም በሚይዝ) 24 ፒክስል ብዬ ካስቀመጥሁ በኋላ፣ ከ600 ፒክስል በታች ለሆኑ ስክሪኖች በጻፍሁት ሚዲያ ኩዌሪ (የስክሪኑ ስፋት ሲሟላ ብቻ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ ያንኑ ተለዋዋጭ 12 ብለውም፣ በስልኬ ስከፍተው ክፍተቱ ያው 24 ነው። «ግሎባል» (!global) የሚለውን፣ ተለዋዋጩን ከክፍሉ ውጭም የሚቀይረውን ምልክት ስጨምርበት ደግሞ ባሰ፤ ከዚያ በታች ያለው ኮድ ሁሉ በላፕቶፕም ጭምር 12 ሆነ።

ሳስ ወደ ሲኤስኤስ ሲቀየር ተለዋዋጩን በቁጥር ተክቶ እንደሚጨርስና አሳሹ ጭራሽ እንደማያየው ዘግይቼም ቢሆን ተረድቻለሁ። ስለዚህ ክፍተቱን ወደ ሲኤስኤስ የራሱ ተለዋዋጭ ላዛውረው አስቤያለሁ፤ ነገር ግን እሱ በሚዲያ ኩዌሪው ቅንፍ ውስጥ ስለማይሠራ፣ 600ን በሳስ ልተወው ነው። ሁለቱን እንዲህ ቀላቅሎ መጻፍ የተለመደ ነው ወይስ ለየክፍሉ ሚክሲን (አንዴ ተጽፎ በስሙ የሚጠራ የሳስ ኮድ) ብጠራ ይሻለኛል? የሠራችሁበት ካላችሁ፣ የካርዱን ኮድ ብቻ እንኳ ብታሳዩኝ በጣም አመሰግናለሁ።