የሳይነስ ቅጠልና ሥር፦ ልማድ ይበቃልን ወይስ ምርመራ ያሻል?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ አፍንጫን ለሚያፍነው የሳይነስ ሕመም የሚሰጡ ባህላዊ ቅጠሎችና ሥሮች ያለ ምርመራ መቀጠላቸው ተገቢ ነውን?

ከደሴ፦ እናቶቻችን አፍንጫችን ሲታፈን ዳማከሴ በመዳፋቸው አሽተው ያስጠጉልን፣ ጭማቂውን በቡና ያጠጡን፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተውም በጋቢ ሸፍነው ያጥኑን ነበር። የጦሳ ተራራን ብርድ የቻልነው በዚህ ነውና ማስረጃ አምጡ የሚለን ሰው እኛን ራሳችንን ሊቆጥረን ይገባል።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ መዳንዎን አልጠራጠርም። ሆኖም ድንገተኛ የሳይነስ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ የታጠነውም ያልታጠነውም በ10 ቀን ገደማ ይሻለዋል፤ ስለዚህ «ታጥኜ ዳንሁ» ማለት ብቻውን ያዳነው ቅጠሉ መሆኑን አያሳይም። ባሕር ዛፍም ቢሆን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ እንጂ ከጥንት የነበረ አይደለም። ሳይንስ ግን በጅምላ አልጣለውም፦ ከዘይቱ የሚገኘው ሲኒዮል እ.ኤ.አ. በ2004 በጀርመን በ152 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ፣ በካፕሱል የወሰዱት ሰዎች መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ከተሰጣቸው ይልቅ በ7 ቀን ውስጥ ተሽሏቸዋል። ያ ግን መጠኑ የተለካ ካፕሱል ነው፤ እንፋሎትን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ የወጣ፣ ሕመሙ የሚመላለስባቸው 871 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘበትም። በዚያው ጥናት አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ መጠነኛ እፎይታ ሰጥቷል።

ከባቲ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ከቅጠሉ ይልቅ አፍንጫ ውስጥ የሚንጠባጠበው የሥር ጭማቂ ነው። ወንድሜ ከገበያ ገዝቶ በጨመረ በሰዓታት ውስጥ እንጥሉ አብጦ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ነበር፤ ሻጩም የሥሩን ስም ምስጢር ነው ብሎ ስላልነገረው፣ ሐኪሙ ምን እንደወሰደ ሲጠይቀው የሚመልሰው አልነበረውም። በቱርክም የዱር ኪያር ጭማቂ ለሳይነስ ብለው የጨመሩ ሰዎች እንጥላቸው አብጦ መተንፈስ እንደተቸገሩ ሐኪሞች ጽፈዋል። ስሙን የማይናገር ሻጭ ሊሸጥ አይገባውም።

ከደሴ፦ እኅቴ፣ በሥሩ እስማማለሁ። ዳማከሴን ግን ከዚያ ጋር አትደምሪብኝ።

ከኮምቦልቻ፦ አንደምረውም፤ ዳማከሴ ትኩሳት እንደሚያበርድ በአይጦች ላይ ታይቷልና በሰው ላይ ይመርመር ነው የምንለው። እስከዚያው ማሽተቱ ይቀጥል፣ ሕፃናትን ግን በፈላ ድስት ላይ አናጎንብሳቸው፤ አፍንጫውን በጨው የሚያጥብም ውኃውን አስቀድሞ አፍልቶ ያቀዝቅዝ።