ለሜይንፍሬም ሊኑክስ የትኛው ዲስክ ያዋጣል፦ ኢሲኬዲ ወይስ ኤፍሲፒ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሜይንፍሬማችን (ትልቁ የአይቢኤም ኮምፒውተር) ላይ በዜድ/ቪኤም (አንዱን ማሽን ለብዙ ሲስተሞች የሚያከፋፍል ሶፍትዌር) ሥር 40 ሊኑክሶች እናስኬዳለን፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ 3390 ሞዴል 9 ዲስክ ተመድቦለታል። ማስፋፊያ ልንገዛ ስንል ሁለት ዋጋ ቀረበልን፤ አንዱ ኢሲኬዲ (የሜይንፍሬም የራሱ የዲስክ አሠራር፤ 3390ዎቹም የዚህ ዓይነት ናቸው) በፋይኮን (የሜይንፍሬም የፋይበር መስመር)፣ ሌላው ስካዚ (በተራ ሰርቨሮችም የሚሠራበት የዲስክ አሠራር) በኤፍሲፒ (ስካዚን በፋይበር የሚያስተላልፍ መንገድ)። በቴራባይት ሲሰላ ኤፍሲፒው በጣም ይረክሳል። አለቃዬ «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» ይሉኛል፤ እኔ ግን ልቤ አልረጋም። ያመለጠኝ ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ 1፦
መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ትተህ በእጅህ በሚቀረው ቦታ አስላ። የ3390 አንድ ትራክ (የዲስኩ አንድ ክብ መስመር) 56,664 ባይት ነው ይባላል፤ ለሊኑክስ በ4 ኪሎባይት ብሎክ (ዳታ የሚጻፍበት ቁራጭ) ፎርማት ሲደረግ ግን 12 ብሎክ፣ ማለትም 49,152 ባይት ብቻ ይይዛል። 13 በመቶው እዚያው ቀረ። ሞዴል 9 10,017 ሲሊንደር፣ በየሲሊንደሩ 15 ትራክ አለው፤ ስታባዛው 8.5 ጊጋባይት የተባለው ወደ 7.4 ይወርዳል። በ40ው ላይ 45 ጊጋባይት ያህል ከፍለህበት አታገኘውም ማለት ነው። በ512 ባይት ብሎክ የተፎርማተ ካለማ ከግማሽ በላዩ ጠፍቷል፤ ዛሬውኑ እያንዳንዱን ፈትሽ።

መልስ 2፦
ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን ኤፍሲፒም የራሱ ወጪ አለው። በኢሲኬዲ አንድ መንገድ ሲቋረጥ ወደ ሌላው የሚያዞረው የማሽኑ ቻናል ሥርዓት ነው፤ ሊኑክሱ ምንም አያውቅም። በኤፍሲፒ መልቲፓዝን (ወደ አንድ ዲስክ የሚወስዱትን መንገዶች የሚያስተባብረውን ሶፍትዌር) እያንዳንዱ ሊኑክስ ላይ ራስህ ታዋቅራለህ። እኛ ዘንድ አንዱ ላይ ተረስቶ ነበር። ለጥገና አንድ ስዊች ሲጠፋ የዚያ ሲስተም ዋና ዲስክ ተሰወረ፤ ዳታቤዙን እስክንመልስ ነጋብን። የእነዚያን ሰዓቶች ዋጋ የትኛውም ሻጭ አይጽፍልህም።

በኢሲኬዲው በኩል ደግሞ ሃይፐርፓቭ (ለአንድ ዲስክ ብዙ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ አገልግሎት) በዋጋው ውስጥ መካተቱን ጠይቅ። ያለ እሱ ወደ አንድ ዲስክ በአንድ ጊዜ የሚሄደው አንድ ትእዛዝ ነው፣ ዳታቤዝ ይሰቃያል።

መልስ 3፦
ካርድ ለብቻ እንዳያስገዙህ ተጠንቀቅ፤ ያው የፋይኮን ካርድ ፖርቱ በኤፍሲፒ እንዲሠራ ሊዋቀር ይችላል። ለመሆኑ ዜድ/ኦኤስ (የሜይንፍሬሙ ዋና ኦፐሬቲንግ ሲስተም) አላችሁ? ዲስኩ ለመጠባበቂያ ወደ ሁለተኛ ማዕከል ይገለበጣል (ይቀዳል)?

ጠያቂው፦
አዎ፣ ሁሉም ኢሲኬዲ ዲስክ በየቅጽበቱ ይገለበጣል።

መልስ 3፦
እንግዲያው የሲስተም ዲስኮቹን ከኢሲኬዲ አታውጣ፤ የተዘጋጀውን የግልበጣ ሥርዓት በነበረበት ታገኘዋለህ። ብዙ ቦታ የሚበላውን ዳታ ወደ ኤፍሲፒ ውሰደው፤ የዚያን ቅጂ ግን ለብቻው በጀት ያዝለት።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱንም ሻጮች በፎርማት የሚቀረውን ቦታ፣ ሃይፐርፓቩንና ግልበጣውን ጨምረው እንደገና እንዲያቀርቡ ጽፌላቸዋለሁ።