ዋናው የጎጃም መንገድ ለምን በደብረ ማርቆስ በኩል ዞረ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ወርቅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ባሕር ዳር የሚያመራው አውራ ጎዳና ደጀን ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ዞሮ ይሄዳል፤ ሌላው በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት አቋርጦ ይወጣል። የሞጣው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚያጥር በመስመሩ የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ ያውቃል። ሆኖም ረጅሙ መንገድ ቀድሞ አስፋልት ለብሶ፣ ባንኩም ዩኒቨርሲቲውም የኢንዱስትሪ ፓርኩም በእርሱ ዳር ሲተከል፣ የእኛ ወገን እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በጋውን በአቧራ፣ ክረምቱን በጭቃ ሲንገላታ ኖሯል። ይህ የሆነው በመሬቱ አቀማመጥ አስገዳጅነት ነው ወይስ በአስተዳደር ምርጫ? የማርቆስ ሹማምንት ወደ ራሳቸው ስለሳቡት ነው የሚለውን የአገር ቤት ወሬ ሰምቻለሁ፤ ብቻውን ግን አላሳመነኝም።

የታሪክ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦
ወንድሜ፣ እርስዎ ርቀቱን የለኩት ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ነው፤ መንገዱ ሲቀየስ ግን መድረሻው ባሕር ዳር አልነበረችም። የጎጃም ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ደብረ ማርቆስ ስለነበረች ከሸዋ የሚመጣ ማናቸውም መንገድ አስቀድሞ እርሷ ዘንድ መድረስ ነበረበት። በወረራው ዘመንም የጣሊያን ጦር በደምበጫ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ምሽግ ይዞ ስለነበር፣ እነዚህን ምሽጎች የሚያገናኘው መስመር የመኪና መንገድ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ ገብተው፣ በበላያ በኩል አድርገው በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ማርቆስ የደረሱትም ይህንኑ መስመር ተከትለው ነው። በ1943 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሥራውን ሲጀምር በእጁ ያገኘውን መንገድ አጠናከረ እንጂ አዲስ መስመር ለመፈለግ ብዙም ምክንያት አልነበረውም። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋንና የፖሊቴክኒክ ተቋሟን ያገኘችው በ1950ዎቹ ነው። ስለዚህ የሹማምንቱ ወሬ ከእውነት ፈጽሞ የራቀ ባይሆንም፣ መንገዱን የሳበው የአንድ ሰው ፍላጎት ሳይሆን የመቀመጫው ከተማ ነው ቢባል ይሻላል።

መሐንዲስ፦
በመምህሩ ማብራሪያ ላይ የመሬቱን ነገር ልጨምርበት። ዓባይ ጎጃምን በሦስት ወገን ከቦ ሲዞር፣ በምሥራቅ በኩል በጮቄ ተራራና በሸለቆው መካከል የሚቀረው ደጋ ጠባብ ነው። ሙጋንና ሱሃን የመሳሰሉት ወንዞች ከጮቄ ወርደው በአጭር ርቀት ዓባይ ስለሚገቡ ሸለቋቸውን አጥብቀው ቆርጠውታል፤ በዚያ ወገን መንገድ ለመሥራት የድልድይና የቁፋሮ ወጪው ቀላል አይደለም። በደቡብና በምዕራብ በኩልም ጨሞጋን፣ ተምጫንና ብርን መሻገር ግድ ቢሆንም፣ መንገዱ ወንዞቹ ገና ገደል ሳይገቡ የሚሻገርበት ሰፊ ሜዳ ያገኛል። ሁለተኛው ችግር መረሬው ነው። የቢቸናን ጤፍ የሚያሳምረው ጥቁር አፈር ክረምት ሲመጣ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል፤ ከላዩ ያረፈውን አስፋልትም ይዞት ይንቀሳቀሳል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን የሁለቱም መንገዶች ትልቁ ፈተና ከመለያያው በፊት ያለው ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ከላይ ያለው ባዛልት ነው፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ጂፕሰምና ሸክላማ ድንጋይ፣ ከታች ደግሞ አሸዋ ድንጋይ ተደራርቦ ይገኛል። የክረምቱ ውኃ ከላይ ሰርጎ ለስላሳው ድርብ ላይ ሲደርስ ገመገሙ ይንሸራተታል፤ በዚህም ምክንያት መንገዱ በየጊዜው ይሰምጣል፣ ይሰነጠቃል። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ የወንዙን መሻገሪያ አስተማማኝ አድርጎታል፤ የዳገቱ መንሸራተት ግን በድልድይ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። አስፋልቱን ደጋግሞ ከማልበስ ይልቅ ውኃውን ከዳገቱ ውስጥ የሚያስወጣ ቦይ መሥራት ይቀድማል ባይ ነኝ።

የከባድ መኪና ሹፌር፣ ቡሬ፦
መሐንዲሱ ስለ በረሃው የጻፉትን ተሳቢ ጎትቶ የወረደ ሁሉ ይመሰክራል። ገና ከአፋፉ ማርሽ ቀንሶ ካልወረዱ ፍሬኑ ይግልና ከታች ሲደርሱ አይዝም። ዳገቱ ላይ አንድ ተሳቢ ከተበላሸ ደግሞ የማርቆሱም የሞጣውም ተጓዥ እኩል ይቆማል፤ ሁለት መንገድ አለን ማለታችን ደጀንን ካለፍን በኋላ ብቻ ነው። በረሃው ሲዘጋ ለእኛ የሚቀረን ከቡሬ ወደ ነቀምቴ መውረድ ወይም ከባሕር ዳር በወረታና በወልድያ መዞር ሲሆን፣ እርሱም ጸጥታው ሲፈቅድ ነው። ለጠያቂው የምለው አለኝ፦ በረጅሙ መንገድ ዳር መኖር ሁሉን አያስገኝም። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ዩራፕ የሚባለው የገጠር ቀበሌዎች መንገድ ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎችን ከዋናው ጋር ቢያገናኝም ጥገና ያጣው ክረምት በመጣ ቁጥር ይቆረጣል፤ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ ያለ ገበሬ በቆሎውን እስከ ዛሬ በአህያ ጭኖ ያወጣል።

ጠያቂ፣ ከደብረ ወርቅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገር ግን መሐንዲሱን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ መረሬው በማርቆሱ መንገድ ላይ ባለችው በሉማሜ በኩልም አለ። እዚያ ያልከለከለውን አስፋልት እኛ ዘንድ ለምን ከለከለ?

መሐንዲስ፦
ልክ ነዎት፣ አልከለከለም። ጥቁሩን አፈር ጠርጎ አውጥቶ በማያብጥ ጠጠራማ አፈር (ገረጋንቲ) መተካት በሁለቱም ወገን ይቻላል፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍተኛ ነው። ለማርቆስ መስመር ያ ዋጋ ቀደም ብሎ የተከፈለው መስመሩ የጠቅላይ ግዛቱን መቀመጫ ስለሚያገለግል ነው። በዚህ ረገድ መልሱ ከእኔ ይልቅ ወደ መምህሩ ያደላል። አሁን ግን መንገዱ ስለተሠራላችሁ፣ የውኃ መውረጃ ቦዮቹ በደለል እንዳይደፈኑ ከሰኔ በፊት ይጠረጉ ዘንድ ወረዳችሁን መወትወት ይኖርባችኋል፤ መረሬ ላይ ያለ አስፋልት የሚበላሸው ውኃ ከዳሩ ሲተኛ ነው።