የሸካራ ብረትን እውነተኛ ስፋት በምን ልለካ?

ሰላም ወገኖች፣ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። ቀላል መስሎኝ የገባሁበት ነገር ሁለት ሳምንት ይዞኛል። 2 በ3 ሳንቲሜትር የሆነች የኒኬል ዝርግ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ፣ ከዚያ በአሲድ አስበልቼ አሻከርኳት። (እናቴ አይታ «ምነው ልጄ፣ ወፍጮ ነው የምትወቅረው?» አለችኝ፤ እውነቷን ነው።) በማስመሪያ 6 ካሬ ሳንቲሜትር ናት። ጎድጓዳና ጉብታዋ ሲቆጠር ግን ስንት ይሆናል?

በመርፌ የሚዳስሰውን የሸካራነት መለኪያ ሞከርኩ። የሚሰጠኝ አማካይ ከፍታ እንጂ ስፋት አይደለም፤ የመርፌው ጫፍም ከጠባቡ ስንጥቅ ስለሚወፍር ታችኛውን አይነካም። ናይትሮጅን ጋዝ በማስለጠፍ የሚለካው ዘዴ ለዱቄት ይመቻል፤ ለእንዲህ ያለች ትንሽ ዝርግ ግን የሚለጠፈው ጋዝ ከመጠን በላይ ያንሳል።

የቀረኝ ኤሌክትሪክ ነው። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ነክሬ፣ ቮልቴጁን በተለያየ ፍጥነት እያመላለስኩ ካፓሲታንሷን (ላይዋ የሚይዘውን የኤሌክትሪክ ቻርጅ መጠን፤ ስፋቷ ሲጨምር አብሮ ይጨምራል) አወጣሁ፦ ሳትፈተግ 0.24፣ ከሻከረች በኋላ 0.90 ሚሊፋራድ። መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ አንዱን እንደገና ጀምሬያለሁ። እና 3.75 እጥፍ ልበል? የሚያስጨንቀኝ፣ አሲዱ የላዩን ኦክሳይድ (ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የሚሠራውን ስስ ሽፋን) ቀይሮት ከሆነ ልዩነቱ የስፋት ብቻ አይደለም። ያልተፈተገች ዝርግ እዚያው አሲድ ውስጥ ለጥቂት ሰኮንድ ብነክር ማነጻጸሪያ ትሆነኛለች ወይስ እሷም ትሻክራለች?

ደግሞ ጀርባዋ አብሮ እንዳይለካ በምን ልሸፍነው? የጥፍር ቀለም ቀብቼ ነበር፣ ጠርዙ ላይ ተላጠ። የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ።