ማቹ ፒቹን በእግር፦ የትኛው መንገድ፣ ከማን ጋር?

«ማቹ ፒቹን በእግር መሄድ እፈልጋለሁ፣ ጥሩ ድርጅት ጠቁሙኝ» የሚል ጥያቄ ሰመር በቀረበ ቁጥር ይመጣል። የእኔ መልስ ሁሌም አንድ ነው። መጀመሪያ መንገዱን ምረጡ፣ ድርጅቱ ይደርሳል። ፔሩ ውስጥ ከኩስኮ ከተማ ተነስተው ወደ ማቹ ፒቹና ወደ ሌሎቹ የኢንካዎች (የጥንት የአንዲስ ተራሮች ሕዝብ) ፍርስራሾች የሚወስዱ መንገዶች ብዙ ናቸው። ዋጋቸውም፣ ድካማቸውም፣ የሚያሳዩትም ነገር ለየቅል ነው። ሰው ግን ስሙን የሰማውን አንዱን ይዞ ድርቅ ይላል።

ስሙ የገነነው የኢንካ መንገድ ነው፤ «ኢንካ ትሬይል» የሚሉት። 4 ቀን፣ 3 ሌሊት፣ 43 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከኩስኮ በመኪና ተወስዳችሁ የባቡር ሐዲዱ አጠገብ «ኪሎ ሜትር 82» ከሚባለው ቦታ ትጀምራላችሁ። ብቻችሁን ቦርሳ አንጠልጥላችሁ መሄድ አይፈቀድም። መንግሥት ፈቃድ ከሰጠው ድርጅት ጋር ብቻ ነው። በቀን 500 ሰው ይገባል ይባላል፤ ነገር ግን ቁጥሩ አስጎብኚውን፣ ወጥ ቤቱንና ተሸካሚውን ስለሚጨምር ለተጓዥ የሚቀረው 200 ገደማ ነው። ለሰኔና ለሐምሌ ቦታ ከብዙ ወራት በፊት የሚያልቀውም ለዚህ ነው። ፈቃዱ በስማችሁና በፓስፖርት ቁጥራችሁ ይወጣል፣ ለሌላ ሰው አይዞርም። ፓስፖርታችሁ ሊያልቅ ከተቃረበ አድሳችሁ ተመዝገቡ። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ወር ደግሞ መንገዱ ለጥገና ይዘጋል፤ በዚያ ወር ቦታ አለኝ የሚላችሁ ካለ ስልኩን ዝጉት።

ለታሪኩ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ውድም ቢሆን የምጠቁመው ይሄንን ነው። በሌሎቹ መንገዶች ተራራና ሐይቅ ታያላችሁ፣ ፍርስራሹ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እዚህ ግን ፍርስራሹ መንገዱ ላይ ነው። በተለይ ሦስተኛው ቀን። ጠዋት ሩንኩራካይ፣ ቀጥሎ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠው ሳያክማርካ፣ ከሰዓት ፑዩፓታማርካ፣ ማታ ዊኛይ ዋይና። መሃል ላይ ኢንካዎቹ ከዓለቱ ፈልፍለው ያወጡት ዋሻ አለ፤ ደረጃው ራሱ ከዓለቱ የተጠረበ ነው፣ ግድግዳውን በእጃችሁ እየዳበሳችሁ ነው የምትወርዱት። ዊኛይ ዋይና ስትደርሱ ጉልበታችሁ አልቆ ድንኳን ውስጥ መጋደም ያምራችኋል። አትጋደሙ። ከሰፈሩ ትንሽ ራመድ ብሎ ነው ያለው፤ እርከኑ ከላይ እስከ ታች፣ በየደረጃው ውኃ የሚወርድባቸው የድንጋይ መታጠቢያዎች ተሰልፈው። አብዛኛው የማቹ ፒቹ ጎብኚ ይሄን ሳያይ ነው የሚመለሰው። እኔ እንዲያውም ከማቹ ፒቹ ይልቅ እሱን ነው የምወደው፤ ሰልፍ የለ፣ ፊሽካ የሚነፋ ጥበቃ የለ።

ከባዱ ሁለተኛው ቀን ነው። ዋርሚዋኙስካ የሚባለው የተራራ ማለፊያ 4,215 ሜትር ላይ ነው። ሰሜን ተራሮችን የምታውቁ፣ ከጨነቅ ወደ አምቢቆ ስትሄዱ የምታቋርጡት የቧሂት ማለፊያ ከሞላ ጎደል እዚያው ከፍታ ላይ ነው። ልዩነቱ ደረጃው ነው። ሽቅቡም ደረጃ፣ ቁልቁሉም ደረጃ፣ አንዳንዱ እስከ ጉልበት የሚደርስ። ሽቅቡ ትንፋሽ ይጨርሳል፣ ቁልቁሉ ግን ጉልበት ነው የሚጨርሰው። ተሸካሚዎቹ ከኋላ እየሮጡ ሲመጡ በተራራው በኩል ተጠግታችሁ አሳልፏቸው። በገደሉ በኩል መቆም አደጋ አለው።

የመጨረሻው ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀስቅሰው ያስነሷችኋል። ኬላው የሚከፈተው ንጋት ላይ ቢሆንም ተሸካሚዎቹ ድንኳኑን ነቅለው ባቡር መድረስ አለባቸው። ከዚያ ወደ ኢንቲፑንኩ ትወጣላችሁ፤ ማቹ ፒቹን ከላይ የምታዩበት በር ነው። ጉም ከሸፈነው ግን ምንም አይታይም። ለአንዲት ፎቶ ብቻ ብላችሁ አራት ቀን አትሂዱ።

ጊዜ ወይም ጉልበት ያነሰው ሰው አጭሩን ይያዝ። ከ«ኪሎ ሜትር 104» ተነስቶ በዊኛይ ዋይና በኩል አንድ ቀን ተሂዶ ሆቴል ይታደራል፤ በማግስቱ በአውቶቡስ ማቹ ፒቹ ነው። ልጆችና ወላጆች ይዛችሁ ከሆነ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሳልካንታይ የሚባለው መንገድ ሌላ ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ 5 ቀን ነው። ማለፊያው ከ4,600 ሜትር በላይ ላይ ነው፣ ማለትም ከራስ ዳሸን አናትም ትንሽ ይበልጣል። አጠገባችሁ 6,271 ሜትር የሆነው በረዷማ ተራራ ቆሟል። ዕቃ የሚጫነው በበቅሎ ነው። እንደ ኢንካ መንገድ የቀን ኮታ ስለሌለው ኩስኮ ገብታችሁም ልትመዘገቡ ትችላላችሁ። እስራኤል ያሉ ልጆቻችን ከሠራዊት ሲወጡ ደቡብ አሜሪካን የሚዞሩት እንዲህ ነው፤ ኩስኮ ደርሰው፣ ተከራክረው፣ ነገ ይነሳሉ። ይሄ ለመንገዱ ይሠራል። የማቹ ፒቹ መግቢያ ትኬት ግን ለብቻው ነው፣ እሱ በደረቁ ወራት ቶሎ ያልቃል።

የሳልካንታይ ደስ የሚለው ነገር አየሩ መለዋወጡ ነው። ጠዋት ውርጭ ላይ ነቅታችሁ፣ በማግስቱ ሙዝና ቡና ውስጥ ትገባላችሁ። ሉክማባምባ አካባቢ ገበሬዎቹ ቡናውን እፊታችሁ ቆልተው፣ ፈጭተው ያቀምሷችኋል። አበሻ እዚህ ጋ ዝም ማለት አይችልም። አቆላሉን ለማረም የሚነሳ አንድ ሰው ከመሃላችሁ አይጠፋም፣ ተዉት ይናገር፣ ሰዎቹም ይስቃሉ። ቡናው ደግሞ ጥሩ ነው፣ ማመን ነው። ከዚያ ያክታፓታ ከሚባለው ፍርስራሽ ማቹ ፒቹን ከማዶ ታዩታላችሁ። መጨረሻ ላይ የባቡር ሐዲዱን ይዛችሁ ወደ አጓስ ካሊየንቴስ ከተማ መሄድ አለ። ሜዳ ነው፣ ግን ረጅም ነው፣ ይሰለቻል።

ላሬስ የሚባለው መንገድ ፍርስራሽ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። የገጠር መንደር፣ ሸማኔዎች፣ ፍል ውኃ ነው። ሰው ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው።

ቾኬኪራኦን የምጠቁመው ለጥቂቶች ነው። ከካፑሊዮክ ተነስታችሁ ወደ አፑሪማክ ወንዝ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ በማዶው ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን በእግር ወርዶ ደጀን መውጣት በሉት፣ ከዚያ ደግሞ በዚያው መመለስ። ሙቀቱም እንደዚያው ነው። እላይ የሚጠብቃችሁ ግን ሰፊ የኢንካ ከተማ ነው፣ ብዙው ክፍል ገና ጫካ ውስጥ ያለ፣ ጎብኚ የማይጋፋበት። እርከኖቹ ግድግዳ ላይ በነጭ ድንጋይ የተሠሩ ላማዎች አሉ፤ እንዲህ ያለ ማቹ ፒቹ ላይ አታገኙም።

አሁን ወደ ድርጅቶቹ። የኩስኮ ሰዎች ራሳቸው ከሚያስተዳድሯቸው ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው አልፓካ ኤክስፒዲሽንስ፣ ላማ ፓዝ እና ኢቮሉሽን ትሬክስ ፔሩ ናቸው። አልፓካን የመሠረተው ድሮ ራሱ በዚህ መንገድ ላይ ሸክም ይሸከም የነበረ ሰው ነው። ኢቮሉሽን ደግሞ ሴት ተሸካሚዎችን በማሠማራት ይታወቃል። ከውጭዎቹ ጂ አድቬንቸርስ እና ኢንትሬፒድ አሉ። እነሱ ጋ ኩስኮ ውስጥ መቆየቱም፣ ሆቴሉም፣ ባቡሩም በአንድ ላይ ይታሰራል፤ ብቻውን ለሚሄድና መሯሯጥ ለማይፈልግ ሰው ይመቻል። ኪሱ ሞላ ያለና ድንኳን የማይወድ ደግሞ በሳልካንታይ በኩል ማውንቴን ሎጅስ ኦፍ ፔሩን ይይ፤ ከሎጅ ሎጅ ነው የምትሄዱት፣ ማታ ሙቅ ውኃና አልጋ አለ። እኔን ብትጠይቁኝ ለኢንካ መንገድ ከኩስኮዎቹ አንዱን እይዛለሁ። ገንዘቡ እዚያው ይቀራል፣ አስጎብኚዎቹም የአካባቢው ነባር ሕዝብ የኬቹዋ ልጆች ናቸው፣ መንደሩን በስም ያውቁታል።

ዋጋ ለኢንካ መንገድ ከ700 እስከ 1,000 ዶላር አካባቢ ይሄዳል፣ ሳልካንታይ ከዚያ በጣም ሊወርድ ይችላል። ግን ርካሹ ከየት እንደረከሰ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ከተሸካሚው ትከሻ ላይ ነው። በሕጉ አንድ ተሸካሚ ከ20 ኪሎ በላይ አይሸከምም፣ የራሱን 5 ኪሎ ጨምሮ። መንገዱ መግቢያ ላይ ሚዛን አለ፣ ጭነቱ አንድ በአንድ ይመዘናል። ስትመዘገቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ተሸካሚዎቹ የት ነው የሚተኙት? ምን ይበላሉ? ጫማና የዝናብ ልብስ ማን ይሰጣቸዋል? ጥሩ ድርጅት ወዲያው ይመልሳል። «አይዟችሁ፣ ሁሉም ተሟልቷል» ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ቀብድ አትክፈሉ።

ሌላው፣ ኩስኮ አደባባዩ ዙሪያ ካሉት ቢሮዎች ብዙዎቹ ደላላ ናቸው። ይሸጧችሁና ለሌላ ያስረክቧችኋል። አንድ ጓደኛዬ ሳልካንታይን በርካሽ ይዞ፣ ሲነሱ የመጣው መኪና የሌላ ድርጅት ሆኖ አገኘው። ለስሊፒንግ ባግ የከፈለው ገንዘብም ወሬው የለም። የመጀመሪያውን ሌሊት ያለውን ልብስ ሁሉ ደርቦ ነው ያደረው። ስምምነቱን በጽሑፍ ያዙ፦ ማን ይወስደናል፣ ስንት ሰው ነን፣ ምን ምን ተካቷል። አድማና መንገድ መዝጋት ሲያጋጥም ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስም ጠይቁ። በጃንዋሪ 2023 በተቃውሞው ምክንያት ማቹ ፒቹም የኢንካ መንገዱም ተዘግተው ነበር።

ስለ ከፍታ። «እኛ እኮ የደጋ ልጆች ነን» የሚል መኩራራት አለ። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው በእርግጥ ትንሽ ይቀለዋል፣ ኩስኮ ግን 3,400 ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ይላል። ዲሲ ወይም ዱባይ ዓመታት የኖራችሁ ደግሞ የደጋ ልጅነቱ ትዝታ ብቻ ነው፤ ሰውነት ከፍታን የለመደበት ነገር ቆላ ሲወርድ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ከጉዞው በፊት ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ስጡት። ማቹ ፒቹ ራሱ 2,430 ሜትር ላይ ስለሆነ የሚያስቸግረው እሱ ሳይሆን ኩስኮና ማለፊያዎቹ ናቸው። ዲያሞክስ ስለሚባለው የከፍታ ሕመም መድኃኒት ሐኪማችሁን አማክሩ። ኢንሹራንስ ስትገዙም የከፍታ ጣሪያውን አንብቡ፣ ብዙዎቹ 4,000 ሜትርን አይሸፍኑም።

ይሄን ደግሞ በተለይ አሜሪካ ትራክ ለምትነዱና ሆስፒታል ለምትሠሩ። ኩስኮ ሆቴል ስትገቡ የኮካ ቅጠል ሻይ ይቀርብላችኋል። እዚያ ሕጋዊ ነው፣ ሁሉም ይጠጣል። ግን የሽንት ምርመራ ላይ ኮኬይን ብሎ ሊወጣ ይችላል። «ሻይ ጠጥቼ ነው» ማለት መንጃ ፈቃድ አያድንም። ሙኛ የሚባል የተራራ ናና አለ፣ እሱን ጠይቁ፣ ለሆድም ጥሩ ነው። የኮካውን ሻይ ለስጦታ ይዛችሁ እንዳትመለሱ፣ አሜሪካ ማስገባት ክልክል ነው።

ጾመኛ ከሆናችሁ ፍልሰታ የሚውለው ከዋናው የጉዞ ወቅት መሃል ነው። ስትመዘገቡ «ቪጋን» ብላችሁ ጻፉ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልበላም ብላችሁ ዘርዝሩ። ወጥ ቤቶቹ በአንዲት የጋዝ ምድጃ የሚሠሩት ነገር ይገርማል። ኪኖዋ ሾርባ፣ ድንች በየዓይነቱ፣ አቮካዶ። ለመጨረሻው ማታ ኬክ ሁሉ ይጋግራሉ፣ እንቁላል ያለበት ነውና ጾመኛ በዓይኑ ይጉረስ። ትንሽ በሶ መያዝ አይከፋም፤ ቀላል ነው፣ ማለፊያው ላይ በውኃ በጥብጦ መጠጣት ነው። አንዳንድ አገር ጉምሩክ ላይ ምግብ ማስመዝገብ እንዳለ አትርሱ።

ዕቃ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ተሸካሚ የሚይዝላችሁ አብዛኛውን ጊዜ 7 ኪሎ ነው፣ ስሊፒንግ ባጉ ሲገባበት የሚተርፈው ትንሽ ነው። ጋቢውን ኩስኮ ሆቴል ተዉት። ጥጥ ነው፣ ከረጠበ አይደርቅም፣ ከብዶም ይገኛል። ስሊፒንግ ባግና የመራመጃ ዘንግ ኩስኮ ይከራያል። ዘንጉ ጫፉ ላይ ጎማ ያስፈልገዋል፣ ያለ ጎማ ድንጋዩን ይጎዳል ብለው አያሳልፉም። ገንዘብ ማውጣት ያለባችሁ ጫማ ላይ ነው። አዲስ ገዝታችሁ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከካርቶኑ አታውጡት፤ ቢያንስ እንጦጦን ወይም ቨርጂኒያ ያለውን ሼናንዶዋን ደጋግማችሁ ውጡበት። ለጉርሻ በአገሩ ገንዘብ ዝርዝር ሶል ያዙ፣ መንገዱ ላይ ባንክ የለም።

ከአዲስ አበባ የምትነሱ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሳኦ ፓውሎ ድረስ፣ ከዚያ ወደ ሊማ መቀጠል ይቻላል። ቢጫ ካርዱን (የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃውን) ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ላይ ያዙት። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ለጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ግን ፈቃዱ ላይ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የቪዛውን ነገር ጨርሱ፤ ቀብዱ አይመለስም።

አንድ የቀረ። ማቹ ፒቹ አሁን ውስጡ በሦስት መስመር ተከፍሏል፣ ትኬቱም በየመስመሩ ነው የሚሸጠው። ሁለተኛው መስመር ብዙውን ያሳያል፣ የመጀመሪያው የላይኛውን እይታ። ድርጅቱ የትኛውን እንደያዘላችሁ ጠይቃችሁ በጽሑፍ አስላኩ። የመመለሻ ባቡሩንም ለመጨረሻው ቀን ማታ አስይዙ፤ ጠዋት የምትይዙ ከሆነ ከተማዋን እየሮጣችሁ ነው የምታልፏት።