206 ተሽሯል ወይስ 307 ሆኖ አለ?

ማራኪ፦ ትናንት እዚህ ስለ ኖሚካችን፣ ደንቡን ራሱን በድምፅ እየለወጥን ስለምንጫወተው ጨዋታ፣ «የደንብ ቁጥር እኮ ስም ብቻ ነው» ተብሎ ሲታለፍ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ሦስት የደንብ ለውጥ ሐሳብ አብሮ ጸደቀ። 307፦ «በ206 መሠረት ሐሳቡ የወደቀበት ተጫዋች የሚያጣው ነጥብ ከ10 ወደ 5 ይውረድ»። 308፦ «206 ይሻር»። 309፦ «307 ከጸደቀ፣ የሚታጣው ነጥብ ለዳኛው ይግባ»። ቁጥር ስም ብቻ ከሆነ፣ ፒተር ሱበር ኖሚክን በ1982 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው 211ን ለምን አስገባ? ሁለት የሚለወጡ ደንቦች ሲጋጩ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል ይላል እኮ!

አራዳ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። 206 ማለት ቅጣቱ ነው። መለያው ተቀየረ ተብሎ ቅጣቱ ከመሻር አያመልጥም። 308ን የደገፉት እጃቸውን ያወጡት ቅጣቱ እንዲቀር ነው፤ ድምፃቸው ሜዳ ላይ ይቅር?

ማራኪ፦ 108ን አንብበው። የተሻሻለ ደንብ ያሻሻለውን ሐሳብ ቁጥር ይይዛል። 307 እንደሠራ 206 የሚባል ደንብ የለም። ቀጥሎ 308 መጥቶ 206ን ቢፈልግ የሚያገኘው ባዶ ቦታ ነው።

አዘዞ፦ «ቀጥሎ» የሚለውን ከየት አመጣሽው ልጄ? 205 የጸደቀ ለውጥ ድምፁ ባለቀበት ቅጽበት ይሠራል ነው የሚለው። የሦስቱም ድምፅ የተዘጋው አንድ ላይ ነው። ይልቅ 211ን እንጠቀምና 307 ያነሰ ስለሆነ ይቅደም።

ቀሃ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና 211 የሚዳኘው ደንብና ደንብን ነው። 308 ሻሪ ነው፤ ሠርቶ ሲያበቃ የሚተወው ደንብ የለም። ከምን ጋር ይጋጭ? ችግሩ የመጣው ከ304 ነው። 202 በየተራው አንድ ሐሳብ ይል ነበር፤ አሻሽለን ሁሉም ቅዳሜ በአንድ ላይ ይቆጠር አልን፣ ስለ ቅደም ተከተል ግን አንድ ቃል አላስቀመጥንም። ብናስቀምጥም 205 ይጥለው ነበር። 202 እያለ ከ205 ይቀድም የነበረው ደንብ 304 ሲሆን ወደ ኋላ ሄደ። አራዳ፣ ስም ብቻ ቢሆን ይህ ይደርስበት ነበር?

አራዳ፦ ማዕረጉ ወረደ፣ እሺ። ማንነቱ ግን ያው ነው። መነኩሴም ሲመነኩስ ስሙ ይለወጣል፤ ሰውየው ግን ያው ነው።

ማራኪ፦ መነኩሴ እኮ ሲመነኩስ ፍትሐት ይደርስለታል፤ ለዓለም እንደ ሞተ ይቆጠራል። ምሳሌህ ለእኔ መሰከረ።

አዘዞ፦ ገዳሙን ተዉት። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 105 የማሻሻያው መንገድ ራሱ የሚሻሻለው በጠባቡ በር ነው፤ ምዕራፍ ሦስት ላይ እንዳሉት መብቶች ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ ሊያጸድቁት ይገባል። እኛ 202ን በተራ አብላጫ ድምፅ ነካነው።

አራዳ፦ ጋሼ፣ 202 ከሚለወጡት ነው፤ ከመነሻው የማይለወጡት 100ዎቹ ናቸው። ሙሉ ስምምነት በ109 የሚጠየቀው የማይለወጠውን ወደሚለወጥ ለማዞር ነው። 115 ደግሞ ደንብ የምንለውጥበትን ደንብ ራሱን መለወጥ ይፈቅዳል። አንቀጽ 105ን ከዚህ ምን አገናኘው?

አዘዞ፦ የሚያገናኘው ጥንቃቄው ነው።

ቀሃ፦ ማንም ያልነካው 309 ነው የሚያስፈራኝ። «307 ከጸደቀ» ነው የሚለው፤ «በሥራ ላይ ካለ» አይልም። አራዳ እንዳለው ቅጣቱ ቢሻር እንኳ 307 ድምፅ አግኝቷልና ጸድቋል። ስለዚህ 309 የሚወስደው ሳይኖረው ተኝቶ ይቆያል፤ ነገ ሌላ ቅጣት የወጣ ዕለት ይነሣና ነጥቡን ለዳኛው ይሰጣል። «ቅጣቱ በ307 መሠረት በሥራ ላይ እስካለ» መባል ነበረበት።

ማራኪ፦ ይህን የሚፈርደው ደግሞ በ212 መሠረት ዳኛው ነው፤ ማለትም ከባለተራው በፊት ያለው ተጫዋች። ነጥቡ የሚገባውም ለዳኛ ነው! ፍርዱን የሚገለብጠው የሌሎቹ ሁሉ ሙሉ ስምምነት ብቻ ነው፣ ያውም ቀጣዩ ተራ ሳይጀመር። አራዳ ባለበት ሙሉ ስምምነት የት ይገኛል?

አራዳ፦ እኔን ተዪኝና ደንቡን ጻፊ።

ቀሃ፦ እኔ ልጻፈው። 310፦ «አብረው የጸደቁ ሐሳቦች ከትንሹ ቁጥር ጀምሮ አንድ በአንድ ይሠራሉ፤ ይህ ደንብ ከ205 ይቀድማል።» 211 ደንብ ስለ ራሱ እቀድማለሁ ካለ ቁጥሩን ትቶ እሱን ይሰማል። «ይሻር» የሚል ሐሳብም «አሁን በያዘው ቁጥር» ይበል።

አራዳ፦ «አሁን» ሐሳቡ ሲጻፍ ነው ወይስ ሲሠራ?

ማራኪ፦ ሲሠራ።

አራዳ፦ እንግዲያው 308 ቅጣቱን 307 ሆኖም ያገኘው ነበር። ያልኩት ይህንኑ ነው።

ማራኪ፦ 310 ገና አልጸደቀም፤ 107 ደግሞ ወደ ኋላ አይሠራም ይላል።