ቪም ላይ የቃል ማሟያ ዝርዝሩን አምስት አምስት እያልኩ መውረድ አቃተኝ

ሰላም ወገን። ደሴ ነኝ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ቪም 9 (የጽሑፍና የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ነው የምጠቀመው። ኮንትሮል ኤን ስጫን የሚመጣው ዝርዝር ስክሪኑን ይሞላው ነበር፣ ፓምሃይትን (የዝርዝሩን ቁመት የሚወስነውን ቅንብር) 8 አድርጌ አሳጠርኩት። ችግሩ መውረዱ ላይ ነው። ኮንትሮል ኤን አንድ በአንድ ነው የሚሄደው፣ የፔጅ ዳውን ቁልፌ ደግሞ ከተነቀለች ቆየች (ኮምቦልቻ ድረስ ወርጄ ምትክ አጣሁላት)። ስለዚህ በኢኖሪማፕ (ስጽፍ አንድ ቁልፍ የሌላውን ሥራ እንዲሠራ በሚያደርገው ትእዛዝ) ኮንትሮል ጄን አምስት ጊዜ ኮንትሮል ኤን እንዲሆን አደረግኩት። ዝርዝሩ ክፍት ሲሆን አሪፍ ይሰራል። ዝግ ሆኖ ከነካሁት ግን ራሱ ከፍቶ ያላሰብኩትን ቃል ይደነቅርብኛል፤ ትናንት «ፕራይስ» መሆን የነበረበትን «ፕሪንት» አድርጎብኝ ስህተቱን ስፈልግ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ። ኮንትሮል ጄ ዝርዝሩ ሲከፈት ብቻ አምስት እንዲዘል፣ ሲዘጋ ግን እንደ ድሮው አዲስ መስመር እንዲጀምር ቪምአርሲ (የቪም ቅንብር ፋይል) ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?